ገበሩ ሲሳሳ፦ በሰው ሠራሽ ዳሌ ውስጥ ስላለው ፕላስቲክ

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኅት ወንድሞቼ። ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞሩ እፈልጋለሁ። ሁለቱም ተጨምቆ ባዶውን የቀረ የብርቱካን ግማሽ የሚመስሉ የፕላስቲክ ስኒዎች ናቸው። ነጯ ከሣጥኗ ወጥታ ሥራ ላይ ውላ አታውቅም። ሌላዋ፣ ቢጫ ያጠላባት፣ በአንድ ሰው ዳሌ ውስጥ 12 ዓመት አገልግላ በቀዶ ሕክምና የወጣች ናት። በሚገባ ታጥባ ከጀርም ጸድታለችና አትጸየፏት። አውራ ጣታችሁን ወደ ውስጧ አስገቡና ዙሪያዋን ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ያገኛችሁትን ግን አሁን አትንገሩኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የፕላስቲክ ሰው ነኝ። ሥራዬ ከሰው አካል የወጡ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን በማይክሮስኮፕ እያየሁ የት የት እንደተበሉ መለካት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሕመም ሳይሆን ስለ ዕቃው ነው። ዕቃውን ማወቅ ግን ሐኪሙን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለብን ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ዳሌ የሚቀየርለት ሰው ብዙውን ጊዜ አራት ነገር ይገባለታል። አንደኛው በጭን አጥንት ውስጥ የሚሰካ የብረት ግንድ ነው። በግንዱ ጫፍ ላይ ከብረት ወይም ከሴራሚክ የተሠራች ድቡልቡል ራስ ትቀመጣለች። በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ላይ የብረት ጽዋ ይገጠማል፤ በጽዋውና በራሷ መካከል ደግሞ ይህ በእጃችሁ ያለው ፕላስቲክ ይገባል። ሐኪሞቹ ላይነር ይሉታል። እኔ የልብስ ሰፊዎችን ቃል ተውሼ ገበር እለዋለሁ፤ ሥራው በእርግጥም የገበር ሥራ ነውና። የኮት ገበር ከውጭ አይታይም፤ እጃችንን ስናስገባ ኮቱን የሚያንሸራትትልን ግን እሱ ነው፤ ቀድሞ የሚሳሳውም እሱ ነው።

ፕላስቲኩ ፖሊኤቲሊን ይባላል። ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የገበያ ፌስታልም፣ ውኃ የምንቀዳበት ቢጫ ጀሪካንም ከዚያው ዘር ናቸው። ልዩነቱ የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። የዳሌው ፖሊኤቲሊን ሞለኪውላዊ ክብደቱ በሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ ሰንሰለቱም ከመርዘሙ የተነሣ ሲሞቅ እንደ ሌላው ፕላስቲክ አይፈስም። ስለዚህ በሻጋታ አይቀዳም። ዱቄቱ በሙቀትና በከባድ ግፊት ተጣብቆ ድፍን ዘንግ ወይም ጠፍጣፋ ብሎክ ይሆናል፤ ከዚያ በማሽን ይቀረጻል።

ይህ ፕላስቲክ ወደ ሰው ዳሌ የገባው ከአንድ ከባድ ስሕተት በኋላ ነው። ዓመቶቼ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእንግሊዝ አገር፣ በላንክሻየር፣ ራይቲንግተን በተባለ ሆስፒታል ጆን ቻርንሊ የሚባል የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበር። የሰው ሠራሽ ዳሌ ዋናው ጠላት ሰበቃ ነው ብሎ ያምናል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከሚታወቁት ጠጣር ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያንሸራትተውን መረጠ፤ ቴፍሎንን። እንቁላል እንዳይዝ መጥበሻ የሚቀባው ያው ነው። ወደ 300 ለሚጠጉ ሕሙማን ገጠመላቸው። መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ግሩም ነበር፤ ሕመማቸው ጠፍቶ ይራመዱ ጀመር። ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ ግን ሕመሙ ተመለሰ። ዳሌው ሲከፈት ቴፍሎኑ ክፉኛ ተበልቶ፣ ዙሪያውን አይብ በመሰለ ነገር ተሞልቶ ተገኘ። የሚያንሸራትት ነገር ሁሉ የማይበላ አይደለም፤ ቻርንሊ ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ሕሙማኑ ናቸው።

እዚህ ላይ ሃሪ ክሬቨን ይመጣል። ክሬቨን ሐኪም አልነበረም፤ የቻርንሊ ወርክሾፕ ባለሙያ ነበር፤ ማቴሪያሎችን እያፋተገ መበላታቸውን የሚለካውን ማሽን የሚያስኬደው እሱ ነው። በሜይ 1962 አንድ የሽያጭ ሠራተኛ አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ይዞ መጣ። ይህ ሰው ለላንክሻየር የሽመና ማሽኖች የፕላስቲክ ጥርሶች የሚሸጥ ነበር። ቻርንሊ ቁራጯን አየና ጊዜህን አታጥፋ ብሎ ወደ ኮፐንሃገን ሄደ። ክሬቨን አለቃው ዞር ሲልለት ቁራጯን ማሽኑ ላይ ጫናት። ማሽኑ ቀን ከሌት ሠራ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተፋትጋ ስትለካ፣ ቴፍሎን በአንድ ቀንና ሌሊት የሚበላውን ያህል እንኳ አልተበላችም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፕላስቲኩ በሰው ዳሌ ውስጥ ገባ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች ዳሌ ውስጥ የሚገኘው የዚያ የሽመና ማሽን ጥርስ ዘር ነው። ክሬቨን ታዛዥ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንሆን አላውቅም።

ቻርንሊ ግን አሁን በቀላሉ የሚያምን ሰው አልነበረም። የሁለቱንም ፕላስቲክ ናሙና በገዛ ጭኑ ሥጋ ውስጥ አስገባ። ከዘጠኝ ወር በኋላ የቴፍሎኑ ቦታ ላይ ሁለት ጉብታዎች በጣት ይዳሰሱ ነበር፤ ሲገቡ ከነበራቸው መጠን ወደ ዕጥፍ ተጠግተዋል። የፖሊኤቲሊኑ ቦታ ግን በዳሰሳ አይገኝም። ይህንኑ በ1963 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በአጭር ደብዳቤ አወጣ። ዛሬ ማንም ተመራማሪ እንዲህ ቢያደርግ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ይቆማል። እኔ ግን ያቺን ደብዳቤ እወዳታለሁ፤ ጥያቄዋ ትክክል ነበርና። የጠየቀችው ፕላስቲኩ ምን ያህል ይቆያል ብላ ሳይሆን፣ ያለቀው ወዴት ይሄዳል፣ እዚያስ ሄዶ ምን ይሠራል ብላ ነው።

ብዙ ሰው የፕላስቲኩን መበላት የሚያስበው እንደ መኪና ጎማ ነው፤ ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል። እንዲያ ቢሆን ባልተጨነቅን። ገበሩ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረውና በዓመት 0.1 ሚሊሜትር ቢበላ፣ 80 ዓመት ይዘልቅ ነበር፤ ከባለቤቱ ዕድሜ ይተርፋል። ነገር ግን የጎማ ብናኝ መንገድ ላይ ይቀራል። የገበር ብናኝ መሄጃ የለውም፤ ከሰውየው ጋር ይኖራል።

እስቲ አብረን እናስላ። ራሷ ወርዷ 28 ሚሊሜትር ናት እንበል። ገበሩ ውስጥ 0.1 ሚሊሜትር ስትሰምጥ 62 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ገደማ ፕላስቲክ ትፍቃለች፤ የሁለት ስንዴ ፍሬ ያህል ነው። ሰውየው በዚያ እግሩ በዓመት አንድ ሚሊዮን እርምጃ ይራመዳል እንበል። እያንዳንዷ ብናኝ የግማሽ ማይክሮን ድቡልቡል ብትሆን፣ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ መሆኑን አትርሱ፣ በአንድ እርምጃ የሚፈልቀው ብናኝ ወደ 900 ሺሕ ይጠጋል። ከወንበራችሁ ተነሥታችሁ ቡና ልትቀዱ እስክትደርሱ በዚያ እግር አሥር እርምጃ ብትረግጡ 9 ሚሊዮን ሆነ። ራሷ በሰፋች ቁጥር ደግሞ በእኩል ጥልቀት የምትፍቀው ይበዛል። የቻርንሊ ራስ 22.225 ሚሊሜትር ብቻ ነበረች፤ 32 ሚሊሜትር የሆነችው በእኩል ጥልቀት የእሷን ዕጥፍ ትፍቃለች።

የሁለት ስንዴ ፍሬ ፕላስቲክ በአንድ ላይ ድፍን ሆኖ ቢቀመጥ ሰውነት ብዙም ባልከፋው ነበር። ጣጣው መጠኑ ላይ ነው። ማክሮፌጅ የሚባሉ ጠራጊ ሕዋሳት አሉን፤ ባክቴሪያ ሲያገኙ ይውጡትና ሆዳቸው ውስጥ ይፈጩታል። እነዚህ ብናኞች ደግሞ በመጠን የባክቴሪያ እኩያ ናቸው። ጠራጊው ይውጣቸዋል። ፖሊኤቲሊንን የሚፈጭ ኢንዛይም ግን የለውም። ያልተፈጨውን ይዞ ጩኸት ያሰማል፣ ሌሎች ጠራጊዎችም ይመጣሉ፣ እነሱም ይውጣሉ፣ እነሱም ይጮኻሉ። ጩኸቱ በኬሚካል የሚተላለፍ ነው፤ ኦስቲዮክላስት የተባሉትን ሕዋሳትም ይቀሰቅሳል። የእነዚህ የዘወትር ሥራ አሮጌ አጥንት እየናዱ ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ ነው። አሁን ግን ደህናውን አጥንት መናድ ይጀምራሉ። በራጅ ላይ አጥንቱ ነጭ ሊሆን በሚገባው ስፍራ ጥቁር ዋሻ ይታያል። ባለሙያዎቹ ኦስቲዮሊሲስ ይሉታል። ፕላስቲኩ ገና ብዙ ዕድሜ እያለው አጥንቱ ቀድሞት ያልቃል፤ ብረቱም የቆመበት መሬት ይከዳዋል።

ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀ። ለረዥም ጊዜ ጥፋተኛ የተባለው ብረቱን ከአጥንት የሚያጣብቀው ሲሚንቶ ነበር፤ በ1987 ‹የሲሚንቶ በሽታ› የሚል ስም እስከ መታተም ደረሰ። ሲሚንቶ የሌለባቸው ዳሌዎች ተገጠሙ፤ የአጥንቱ መበላት አልቆመም። ጀርመናዊው ሃንስ ጌዎርግ ቪለርት ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ብናኙ እያመለከተ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ክፍል ልግባ። ጀሪካን ፀሐይ ላይ ትቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ቀለሙ ይገረጣል፣ ከዚያ አንድ ቀን ውኃ ሞልተው ሲያነሡት እጀታው ብቻ በእጅ ይቀራል። የፀሐይ ጨረር ሰንሰለቶቹን በጠሳቸው፣ የተበጠሰውንም ጫፍ ኦክሲጅን ያዘው። ፕላስቲክም በራሱ መንገድ ይዝጋል ማለት ነው። ለአሥርተ ዓመታት በፋብሪካዎች ውስጥ በገበሩ ላይ የተደረገው ከዚህ የማይርቅ ነገር ነው። ከጀርም ለማጽዳት ሲባል ከ25 እስከ 40 ኪሎግሬይ በሚሆን የጋማ ጨረር ይመታ ነበር፣ ኪሎግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው፤ ያውም አየር በሚያስገባ ማሸጊያ ውስጥ እንዳለ። ጨረሩ ጀርሙን ይገድላል፤ ሰንሰለቱንም ይበጥሳል። ከተበጠሱት ጫፎች ከፊሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ይህ ለበጎ ነው። ከፊሎቹ ግን ሳይያያዙ ቀርተው ኦክሲጅን እስኪያገኛቸው ይጠብቃሉ።

መጥፎው ነገር ሣጥኑ ውስጥ ሆኖም ማርጀቱ ነው። ብዙ ፈላጊ የሌለው ልክ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ይቀመጣል፤ የሰው እጅ ሳይነካው ያረጃል። ከዚያ ተራው የደረሰ ሕመምተኛ አዲስ የሚመስል አሮጌ ዕቃ ይገጠምለታል። እንዲህ ያለውን ገበር በስሱ ቆርጬ በብርሃን ሳየው፣ ከላዩ ሳይሆን አንድ ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነጭ መስመር አገኛለሁ። ፕላስቲኩ እንደ ደረቅ አይብ የሚፈረፍረው እዚያ መስመር ላይ ነው። ከላይ ሲዳስሱት ለስላሳ ነው፤ ጣት አያጋልጠውም። ፋብሪካዎቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ማሸጊያውን ኦክሲጅን አልባ ማድረግ ወይም ጨረሩን ትተው በጋዝ ማጽዳት ጀመሩ።

እስቲ አንድ ፌስታል አቀብሉኝ፤ ያ ዳቦ የመጣበት ይበቃል። ጣት የሚያህል ቁራጭ በረዥሙ እቀድዳለሁ። አሁን ቀስ ብዬ ልሳበው፤ እዩት፣ መሐሉ ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ከዚያ በድንገት ይጠነክራል። አሁን በጣም ብጎትተውም እምቢ አለ። ሰንሰለቶቹ እንደ ነዶ በአንድ አቅጣጫ ስለተሰለፉ ነው። አሁን በጎኑ ልሳበው፤ ይኸው፣ ምንም ሳይታገል ተሰነጠቀ። በርዝመቱ ብርቱ፣ በጎኑ ደካማ ሆኗል።

ይህች ፌስታል አንድ ትልቅ እንቆቅልሽ ትፈታለች። ለዓመታት አያሌ የመፈተኛ ማሽኖች ፕላስቲኩን በአንድ መስመር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነበር የሚፋትጉት። ሰንሰለቶቹ በፍትጊያው አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ይጠነክራሉ፣ መበላቱ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። የሚራመድ ሰው ዳሌ ግን በመስመር አይሄድም። እግር ወደ ፊት ሲዘረጋ ጥቂት ይዞራል፣ ጥቂት ወደ ጎን ያዘነብላል፤ በገበሩ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ የተጣመመ እንቁላል የመሰለ ክብ ትሠራለች። አንዱ መንገድ ሰንሰለቱን ያሰልፈዋል፣ ሌላው በጎኑ ይሰነጥቀዋል። ይህ በጉልህ የተጻፈው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ቻርንሊ ፕላስቲኩን ከተከለ ሠላሳ ዓመት አልፎ ማለት ነው።

መድኃኒቱ እንግዲህ ሰንሰለቶቹ እንዳይሰለፉ ጎን ለጎን ማሰር ነው። የሚያስረው ደግሞ ያው የተወቀሰው ጨረር ነው፤ ግን መጠኑ ከፍ ብሎ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎግሬይ። ከዚያ በኋላ ሳይያያዙ የቀሩት ጫፎች እንዲገናኙ ፕላስቲኩ ይሞቃል። እስኪቀልጥ የሚያሞቁት አሉ፤ ጫፎቹ ይጠፋሉ፣ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። ከመቅለጫው በታች የሚያቆሙ አሉ፤ ጥንካሬው ይተርፋል፣ ጥቂት ጫፎችም ይተርፋሉ። ከ2007 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ቫይታሚን ኢ የተጨመረበት መጣ፤ ቫይታሚኑ ያልተያያዙትን ጫፎች ያበርዳል። አንዱን አግኝቶ ሌላውን ሳያጡ መሄድ የለም። በጣም የተሳሰረ ፕላስቲክ ቀጭን ሆኖ፣ ጽዋውም ከልክ በላይ ቀጥ ብሎ ከተገጠመ፣ ጠርዙ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይህ ትውልድ በብዛት ሥራ ላይ የዋለው ከ1998 እና ከ1999 ወዲህ ነው፤ ቦስተን ላይ ዊልያም ሃሪስና ባልደረቦቹ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ሃሪ ማኬሎፕ ከፊት ነበሩ። ይሁንና በጃፓን ኦኦኒሺ ከ1971 ጀምሮ እጅግ ከፍተኛ ጨረር የወሰደ ፖሊኤቲሊን ገጥሞ ነበር። በደቡብ አፍሪካም ግሮበላር በ1970ዎቹ መገባደጃ የራሱን አሳስሮ በሕሙማን ላይ ተጠቅሟል። ሃያ ዓመት ቀድመው ነበር፤ ብዙም ያዳመጣቸው አልነበረም። ዋናው ጎዳና በዚያ ጊዜ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር፤ ፕላስቲክን ሸሽቶ ብረት በብረት ላይ እስከ መግጠምም ደርሷል። ከነዚያ አንዱ በ2010 ከገበያ ሲሰበሰብ ወደ 93 ሺሕ ሰው ተገጥሞለት ነበር።

የተሳሰረው ፕላስቲክ ምን ለወጠ? የአውስትራሊያ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ በ2018 የታተመ ውጤት አለው። በ16 ዓመት ውስጥ እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው፣ በቀድሞው ፕላስቲክ 11.7 በመቶ፣ በተሳሰረው 6.2 በመቶ ነበሩ። በቤተ ሙከራ ቆንጆ ሆኖ በሰው ላይ የማይደገም ነገር ብዙ አይቻለሁ። ይህ ተደግሟል።

እንግዲህ ለምን ይህን ሁሉ ነገርኳችሁ? ከመካከላችሁ ራሱ ወይም ወላጁ ከሃያ ዓመት በፊት ዳሌ ያስቀየረ ሊኖር ይችላል። ‹አላመመኝም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ› ትላላችሁ። ገበሩ ነርቭ የለውም። አጥንቱም ሲበላ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ የሚያመው ብረቱ ሲላላ ወይም የሳሳው አጥንት ሲሰበር ነው፤ ያኔ ሐኪሙ የሚይዝበት አጥንት ጠፍቷል። ቀድሞ ከተደረሰበት ግን፣ የብረቱ ጽዋ በቦታው ጸንቶ ከሆነ፣ ገበሩንና ራሷን ብቻ ቀይሮ የተቦረቦረውን አጥንት ሞልቶ መውጣት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሐኪማችሁን የምትጠይቁት ‹መቼ የተሠራ፣ ምን ዓይነት ፕላስቲክ ነው የገባልኝ? ሳያመኝም በየስንት ዓመቱ ራጅ ልነሣ?› ብላችሁ ነው። የመጀመሪያውን ራጅ አትጣሉት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው ራሷ ከጽዋው መካከል ወደ ላይ መሸሿ የሚለካው። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ብትሰምጥ አትደንግጡ፤ እሱ ፕላስቲኩ ሸክሙን ሲለምድ መጨፍለቁ ነው፣ ብናኝ የለውም።

አዎ፣ አባቴ፣ እጅዎን አይቻለሁ። ስግደት? ፈቃዱን የሚሰጥዎ የቀዶ ሐኪምዎ ነው፤ በየትኛው በኩል ከፍቶ እንደገጠመ የሚያውቀው እሱ ነው። በእኔ በኩል የማውቀውን ልንገርዎ። በጣም አጎንብሰው እግር ወደ ሆድ ሲታጠፍ የግንዱ አንገት የገበሩን ጠርዝ ሊመታ ይችላል። አንድ ጊዜ ሲመታ ራሷ እንድትወልቅ ይገፋታል፣ ደጋግሞ ሲመታ ደግሞ ጠርዙን ይገዘግዘዋል። ከወጡት ገበሮች ላይ ያንን የጥርስ ንክሻ የመሰለ ምልክት አይቻለሁ። ስለዚህ ‹መስገድ እችላለሁ ወይ› ብቻ አይበሉት፤ እንዴት እንደሚሰግዱ ፊቱ ቆመው ያሳዩት። ዱካ ላይ አቀማመጥዎንም እንዲሁ። ብዙ ሐኪም ወንበር እንጂ ዱካ አይቶ አያውቅም።

ያቺ ቢጫ ስኒ የት ደረሰች? እርስዎ ጋ ናት፣ እናቴ? አውራ ጣትዎን ከጠርዙ በአንደኛው በኩል፣ ምልክት ካደረግኩበት ሥር ያስገቡ። ድቡልቡሉ ጎድጓዳ እዚያ ጋ ሲደርስ ወደ ሌላ ጎድጓዳ ይገባል፣ በመካከላቸውም ስስ ጥምዝ ይዳሰሳል አይደል? ራሷ ስትሰምጥ የቆፈረችው ነው። ለክቼዋለሁ፤ 1.9 ሚሊሜትር ነው። የሻይ ማንኪያ ሩብ የሚሆን ፕላስቲክ በ12 ዓመት ውስጥ ከዚያ ወጥቶ ሄዷል። ባለቤቷ አንድ ቀን አሞኛል ብሎ አያውቅም፤ የተገኘው ለሆዱ በተነሣ ራጅ ጥግ ላይ ነው። ቢጫነቷ ከእርጅና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቅባትም ገብቶባታል። ነጯንም ፈልጉልኝ፤ ነገ ጠዋት ለተማሪዎች አሳያታለሁ።